የቁምሳጥኑ ክብደት

ልደቱ ዕቃ ሲጭን አንድ ሕግ ነበረው፤ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ይህን የናቀ አይሱዙ እንጦጦ ዳገት ላይ ሲገለበጥ በዓይኑ አይቷል። ሲጭን እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ሲቆጣ ግን መጠንቀቅ አያውቅም። እህቱን ዘቢደርን ባሏ ደብድቦ ከገደላት ወዲህ እጁ ፈጣን ሆኗል።

ያን ቀን ሲግናል አካባቢ የሚጭነው እንድርያስ የሚባል ሰው ዕቃ ነበር። የሰውየው ፊት ተቧጭሯል። ምንጣፉ ላይ ደም፣ በሩ ሥር የሴት ጫማ አለ።

«እመቤቲቱስ?» አለ ልደቱ።

«የለችም» አለ እንድርያስ ቶሎ ብሎ።

ማዶ ሱቅ ደጃፍ የቆመ፣ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት የቀላ ሰው ልደቱን ጠራው።

«ወንድሜ፣ እዚያ ቤት ሴት አላየህም? ስፈልጋት ሰነበትኩ። አንጀቴ አረረ።»

ልደቱ አዘነለት። እንድርያስን ግን ሰውየውን ሲያይ ላብ አጠመቀው።

የመጨረሻው ዕቃ በገመድ የታሰረ ቁምሳጥን ነበር። ጀርባው ላይ አዲስ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። ልደቱ ወደ ግራ ሲያዘነብለው ውስጡ ያለው ክብደት ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ቁምሳጥኑም ተመልሶ ቀጥ አለ።

«ምን አለበት?»

«ልብስ ነው። የበሳሁት እንዳይታፈን ነው። አደራህን፣ እንዳታስተኛው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ቆሞ ከሄደ መታጠፊያው ላይ ይጥለናል።»

«እኔ እይዘዋለሁ።»

ሾፌሩ ጋቢና፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጉዞ ጀመሩ። እንድርያስ ቁምሳጥኑን እንዳቀፈ ነው። አይሱዙው እያጓራ ዳገቱን ሲያጋምስ ወደ ልደቱ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ከእንጦጦ ማርያም አልፈን ጫካው ውስጥ አራግፈኝ። የሰው ዓይን የሌለበት ቦታ አለ።»

የልደቱ ደም ፈላ። ገመድ የሚያጠብቅበትን ፌሮ አነሳ።

«ገደልካት አይደል?» አለ፤ መልስ ግን አልጠበቀም።

የመጀመሪያው ምት የእንድርያስን ትከሻ ሰበረ። ሰውየው አልሸሸም፤ ጀርባውን ለቁምሳጥኑ ሰጥቶ እጆቹን ዘረጋ። ልደቱ አናቱን አለው። ደገመው፤ የምቱን ድምፅ የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። እንድርያስ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ደሙ በመኪናው ወለል ላይ ፈሰሰ፣ ትንፋሹም ቆመ። ልደቱ ቅንጣት አልጸጸተውም። ለዘቢደር ያልደረሰው እጁ ለአንዲት የሰው ልጅ ደረሰ።

የጋቢናውን ጣሪያ ሲደበድብ አይሱዙው ጫካው ዳር ቆመ። ልደቱ አስከሬኗን በክብር ሊያወጣ ጋቢውን መሬት ላይ አነጠፈና ገመዱን መፍታት ጀመረ።

«እንድሬ ወንድሜ» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ፣ በሹክሹክታ፤ «ባሌ ከሱቁ ደጃፍ አላየንም አይደል?»