ማራኪ የከፈተችው ካርቶን

«ክፈቺው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? በኢየሱስ ስም ክፈቺው!»

እንዲህ የሚሏት የሰፈሩ የጸሎት ቡድን መሪ እትዬ አስካለች ናቸው።

ማራኪ የአማቷን ካርቶን ታቅፋ ግቢው መሃል ቆማለች። የሆሳዕና ከተማ የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳል…

አማቷ ጋሽ ጠና መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሰዉ ሁሉ በስልኩ ፎቶ ማንሳት ሲጀምር ዘጉት። ካሜራዋንም ሸጧት።

ከዚያ ወዲህ አንድ አመል አመጡ።

ጓሮ እንሰቱ ጋ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ፊታቸው መስታወት የተጫነው ወረቀት አለ። አንድ ሰዓት ዝም… ቢጠሯቸው አይሰሙም።

ይሄስ ባልከፋ።

ግን የልጇ የአቢጋኤል ቆብ ይጠፋል… ከሰዓት ይመለሳል። አንድ እግር ጫማዋ ይጠፋል… ይመለሳል።

ማራኪ ትምህርቷን ከስምንተኛ ብታቋርጥም ዓይኗ ምንም አያልፈውም። የሕፃን ልብስ ደብቆ የሚወስድ ሰው ምን ዓይነት መተት እንደሚያሠራበት በትውልድ መንደሯ አንጋጫ ሲወራ ሰምታ አድጋለች።

እንዳትጠይቃቸው ደግሞ በአማትና በምራት መሃል ወሬ አይበዛም።

ለእትዬ አስካለች ነገረቻቸው።

«እኔ እኮ ድሮም ዝምታቸውን አልወደድኩትም!» አሉ።

ካርቶኑ ተከፈተ። ውስጡ የተጠቀለለው ጥቁር ላስቲክ ተቀደደ።

ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ወረቀቶች… አንዱ ላይ ነጭ የቆብ ቅርጽ። አንዱ ላይ ትንሽዬ ጫማ። አንዱ ላይ ሹራብ፣ ከነቁልፎቹ።

«አላልኩሽም? የልጅሽን ጥላ ሰርቀዋል!»

ይሄኔ ጋሽ ጠና ከውጭ ገቡ።

አልጮኹም። ኮታቸውን አውልቀው ወረቀቶቹ ላይ ተደፉ።

«ልጄ… ብርሃን አታሳዪው… ገና አልጸናም…»

ረፍዷል። ነጩ ቆብ ዓይኗ እያየ ጠቆረ… ጫማውም… ሹራቡም።

«ምንድን ነው እሱ አባባ?»

«መናኸሪያ ላይ ስልክሽን የነጠቁሽ ቀን ‹የልጄ ፎቶ በሙሉ ሄደ› ብለሽ ስታለቅሺ ሰማሁ። ካሜራ የለኝ… ያረጀ የፎቶ ወረቀት ግን ነበረኝ። ዕቃ አስቀምጠሽበት ፀሐይ ላይ ዝም ብለሽ ከጠበቅሽ ቅርጹን ይይዝልሻል። ማጽኛ መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ አስልኬ ለልደቷ ልሰጥሽ ነበር።»

«ውይ… በሬን ሳልቆልፍ ነው የወጣሁት!» አሉ እትዬ አስካለች። ሄዱ።

ማራኪ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጋሽ ጠና ካርቶኑን በእጃቸው ዳበሱት። በሌሎቹ ተጋርዶ አንድ ባዶ ወረቀት ተርፏል።

«እጅሽን አምጪ።»

«የኔን? የአቢ ነገር ይሁንበት እንጂ አባባ!»

«አቢማ አድጋ ‹እናቴ ወጣት ሳለች እጇ ምን ይመስል ነበር› ማለቷ አይቀርም።»

ያንን ላስቲክ የቀደደ እጇን ወረቀቱ ላይ ዘረጋችው።

ግማሽ ሰዓት። መደበቅ የለ… መሰብሰብ የለ… ጎረቤት በአጥር ያያል። እሳቸው አጠገቧ ተቀመጡ።

እጇ ተንቀጠቀጠ።

«አበላሸሁት…»

«ግድ የለም ልጄ። የተንቀጠቀጠም ይታያል።»

ወዳጆቼ… ያልገባንን ነገር ሁሉ የሰይጣን ሥራ ከማለታችን በፊት «አባባ ምን እየሠሩ ነው?» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? አንዳንዱ ዝም ያለ ሰው ለኛው እየለፋ ነው።

እናንተስ ቤት ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃችሁት የማታውቁት ማን አለ? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉት… ከዚያ ሂዱና ጠይቁት።