የቦኖው ምረቃ

በጋአን ሊባህ ሰፈር ዳርቻ አዲሱ ቦኖ የሚመረቀው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሬዲዮው ሳምንቱን ሙሉ ስለ መንግሥት የዓመቱ ሥራ ሲያወራ ከርሟል፤ ስለ አስፋልቱ፣ ስለ ዱቄትና ዘይት ዋጋ መርገብ፣ በተለይ ስለ ውሃው። ኮረብታው ላይ ማጠራቀሚያ ተሠርቶ ቧንቧው እስከ መንደሩ ተቀብሯል። ሹማምንቱ መጥተው በገዛ እጃቸው ይከፍቱታል፣ ካሜራም ይኖራል ተባለ።

በሰፈሩ ውስጥ በዚህ ወሬ ደስ ያላላት ዳግማዊት ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እሷ በዓናብ ቤት የቤት ሠራተኛ ናት። ታናሽ ወንድሟ ኪዱ ደግሞ ለዚሁ ሰፈር በቦቴ ውሃ እያመላለሰ ይሸጣል። አሮጌዋን መኪና የገዛት ከወሎ ድንበር ተሻግሮ መጥቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሲሚንቶ አቡክቶ ነው። ቦኖው ሲከፈት የእሱ እንጀራ ይዘጋል።

ይህን ሁሉም ያውቃል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እያስሞሉ፣ ከቅዳሜ በኋላ መኪናህን ምን ልታደርጋት ነው እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ዓናብ ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ የሰላ ሴት ናት። አንድ ቀን ዳግማዊትን ለብቻዋ ጠርታ ወንድምሽን ጠበቅ አድርጊው አለቻት። የከፋው ሰው የማያደርገው የለም፤ ለስደተኛ ደግሞ አንድ ጥፋት ትበቃዋለች፣ በማግስቱ ጭነው ወደ አገሩ መግቢያ፣ ውጫሌ ድንበር ላይ ያራግፉታል።

ዳግማዊት ተቆጣች። የእሷ ወንድም የሰው ነገር አይነካም አለች። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኗ ከኪዱ ላይ አልተነሳም።

ልጁ በእርግጥ ተለውጧል። ሲጠሩት አይሰማም፣ ሲበላ ይተክዛል። ረቡዕ ዕለት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ኮረብታው ላይ አየችው። የማጠራቀሚያውን ክዳን እየዞረ ይመለከታል። ወዲያው የውሃው ሥራ ኢንጂነር ሀርቢ ደረሰና ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። ሀርቢ ጅግጅጋ የተማረ ሰው ነው፤ ከኪዱ ጋር በአማርኛ ይግባባሉ። ምን እንዳለው ከዚያ ርቀት አልተሰማትም። ጣቱን ሲያወዛውዝበትና ኪዱ አንገቱን ሲደፋ ግን አየች። ማታ ስትጠይቀው ምንም አይደለም አላት።

በማግስቱ አዲስ ረጅም የውሃ ጎማ ገዝቶ መጣ። ዓርብ ለምሳ ሲመጣ ደግሞ እጁም ሸሚዙም በረኪና በረኪና ይሸታል። እህሉን እየቆነጠረ፣ ነገ ለማንም ደንበኛ ውሃ እንደማያደርስ ተናገረ።

ዳግማዊት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ኮረብታው ላይ ያየችው ክዳን ትዝ አላት። ከዓናብ ልጆች ጀምሮ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት ሕፃናት ሁሉ ፊቷ ላይ ድቅን አሉ።

«ኪዱዬ፣ ያንን ውሃ እኮ የሚጠጡት ልጆች ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለ ቀና ሳይል። «እኔስ እንቅልፍ ያጣሁት በምን ሆነና?»

በእናታቸው ስም ለመነችው። እሱ ግን አንዴ የገባበት ነገር መሆኑን፣ መመለሻ እንደሌለው ነገራት። ነገ ካለፈ በኋላ ሁሉንም እነግርሻለሁ አለ።

ያን ቀን ልትናገርበት ተነስታ ስንት ጊዜ ቁጭ አለች። ለሀርቢ ብትነግረው ወንድሟን ያሳስረዋል። ለዓናብ ብትነግራት ሰፈሩ ይሰማል። ዝም ብትል ደግሞ የሰው ነፍስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኪዱ ቦቴውን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ጃኬቱን ወንበር ላይ ጥሎ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ዳግማዊት የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥታ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ኪዱ ቤቱን ገለባበጠው። ቁልፍ አይተሻል ወይ ሲላት አላየሁም አለች፤ እሱን ስትዋሸው የመጀመሪያዋ ነበር። ስልክ ደጋግሞ ደወለ፣ የሚያነሳ የለም። በመጨረሻ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። አሳዘናት። ግን ዛሬ ይለፍ እንጂ ነገ ያመሰግነኛል ብላ ጨከነች። ከዓይኗ እንዳይርቅ ክንዱን ይዛ ወደ ምረቃው ወሰደችው። እየጎተተችው ሄደ።

ቦኖው ዙሪያ ሰው ሞልቷል። ሴቶች ባለ ቀለም ድሪያቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል፣ ጀሪካኖቹ ተደርድረዋል፣ ከበሮ ይመታል። ሀርቢ ከሹማምንቱ ጎን ቆሞ ፈገግ ብሏል። አንደኛው ሹም ንግግር አደረጉ። ዓመቱ የሥራ ዓመት እንደነበር፣ መንገዱ እንደተዘረጋ፣ ኑሮው እንደቀለለ አስረዱ። ከእንግዲህ የዚህ ሰፈር እናት ውሃ ብላ የምትለምነው ሰው የለም አሉና ቧንቧውን ከፈቱት።

ቧንቧው ተነፈሰ። አንድ ሁለት ጠብታ ዝገት ተፋና ጸጥ አለ።

ከበሮው ቆመ። ሹሙ እንደገና አዞሩት፤ ምንም የለም። ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

ሀርቢ ወደ ቧንቧው አላየም። ከሹማምንቱ ተነጥሎ በሰዉ መሃል እየተጋፋ በቀጥታ ወደ ኪዱ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ዳግማዊት የወንድሟን ክንድ ጭብጥ አደረገች። ሊከሰው ነው ብላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከእኔ አልተለየም ብላ ልትምልለት አፏን ከፈተች።

ሀርቢ ወደ ኪዱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ ዙሪያው የቆመ ሰው እንዳይገባው በአማርኛ ተናገረ።

«ማጠራቀሚያውን ሳትሞላ እዚህ ምን ትሠራለህ?»