የባሕር ፍጥረታት ቀን

አምስት ዓመት ሙሉ ጎረቤቶቼ «እርምሽን አውጪ» እያሉ አንገበገቡኝ። ልጄ ይመር በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር ሰጠመ ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ «ሬሳውን ማን አየ? እስር ቤት ይሆናል፣ አንድ ቀን ይደውላል» ብዬ እምቢ አልኩ።

ትናንት ቀበሌው የባሕር ፍጥረታት ቀን ነው ብሎ «አዳራሹን ሙሉት» አለን።

«ባሕር በሌለበት ኮምቦልቻ?» ብዬ ስስቅ፣ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ «ዝም ብለሽ ነይ፣ ሻይና ብስኩት አለ» ብላ ጎተተችኝ።

ባሕር የምታጠና አንዲት ልጅ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ጠልቃ ያነሳችውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራችልን። አንዲት ቢጫ ጄሪካን አሸዋ ላይ ወድቃለች፤ በአፏ ትናንሽ ዓሦች ብቅ ብለዋል።

«አያችሁ እናቶቼ? ቤት አደረጓት!» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ።

የጄሪካኗ ጎን ላይ የዶሮ እግር የሚመስል የተተኮሰ ምልክት አለ፤ አንድ ጣት ይጎድለዋል። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና፣ ቦኖ ሰልፍ ላይ እንዳትቀየርብን ቢላ አግዬ የተኮስኳት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ጣት ላይ ስደርስ ቢላው በረደብኝ። ይመር ሲሄድ የመንገዱን ውሃ የያዘው በሷ ነበር።

ተነሳሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና «ጥሩወርቅ፣ ድንኳን አስተክይልኝ» አልኳት።