እናታችን አታውቅም

ነርሷ ከካንሰር የዳኑ ሰዎችን ለመከታተል የተሰጠውን ሥልጠና ጨርሳ የመጀመሪያ ታካሚዋን ልታገኝ ስትል፣ የታካሚዋ ሦስት ልጆች በር ላይ ከበቧት።

«እህቴ፣ በእመቤቴ፣ ካንሰር የሚለውን ቃል እንዳታነሺባት» አለ ትልቁ። «ጨጓራ ነው ያልናት። ኬሞውንም የጨጓራ መድኃኒት ነው ብለናታል።»

«ፀጉራቸው ሲረግፍስ ምን አላችኋቸው?»

ልጆቹ ተያዩ። «ሻምፑው ነው አልናት» አለች ትንሿ።

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። ግን ጨነቃት። በሽታው ቢመለስ ምልክቱን ቀድመው የሚያዩት እናትየዋ ናቸው፤ ሳያውቁ እንዴት ይጠነቀቃሉ? ነግራቸው እዚያው ቢወድቁባትስ? እየፈራች በሩን ከፍታ ገባች።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ!» አሉ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እናት።

ነርሷ ደርቃ ቀረች። ባለፈው ሳምንት ሥልጠናው ላይ በነርሶቹ ፊት ቆመው ከካንሰር እንዴት እንደዳኑ ያጫወቷቸው፣ በሽታው ለታካሚ እንዴት እንደሚነገር ያስተማሯቸው እኚሁ እናት ነበሩ።

«በሩን ዝጊው የኔ ልጅ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናንተን ላስተምር ስመጣ፣ ልጆቼ ጠበል የምሄድ ነው የሚመስላቸው።»