አሥራ ሁለተኛው ሥራ

ለማስተርስ ማመልከቻው አሥራ ሁለት ሥራ ያስፈልግ ነበር። ሰብሌ አሥራ አንድ ነበራት።

ማመልከቻው አርብ ይዘጋል። ለግራፊክ ዲዛይን የሚቀበሉት ስምንት ሰው ብቻ ነው፤ አምና አመልክታ ዘጠነኛ ወጥታለች። ዘንድሮ ካላለፈች ዕድሜዋን በሙሉ ሆሳዕና ከተማ ባነር ስትሠራ እንደምትኖር ታውቃለች። ይህን ስታስብ አታለቅስም፣ አትናደድምም። ዝም ብላ ቀጣዩን ፋይል ትከፍታለች።

የምትሠራው ጋሼ ሽብሩ ማተሚያ ቤት ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የምረቃ ባነር፣ የሱቅ ታፔላ ይሠራሉ። ከሁሉም የሚበዛው ግን የለቅሶ ባነር ነው። በጀመረች ሰሞን ስሞቹን ካነበበች ምሳ አይበላላትም ነበር። አሁን የምታየው በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ ነው።

ጋሼ ሽብሩን አታምናቸውም። ከሁለት ዓመት በፊት እሷ የሠራችውን ሎጎ የወንድማቸው ልጅ ተገኘ ሠራው ብለው ቴሌግራም ላይ ለጥፈዋል። ተገኘ የሚኖረው ዱራሜ ነው። ዘንድሮ እሱም ለዚያው ትምህርት ቤት ያመለክታል።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሽብሩ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። እንዲህ አድርገው አያውቁም።

«ያ የትምህርት ነገር የት ደረሰ?»

«አንድ ሥራ ይቀረኛል።»

«የሚዘጋው መቼ ነው?»

«አርብ።»

«አርብ» አሉና ወንበራቸውን ይበልጥ አስጠጉ። «እስቲ አሳዪኝ።»

እየከበዳት አሳየቻቸው። ገጾቹን ቶሎ ቶሎ አልፈው ገጽ አራት ላይ ቆሙ። ገጽ አራት ቲቶ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሟ። ከላከላት ፎቶ ላይ በኮምፒውተር የሣለችው ነው፤ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ላፕቶፑን የገዛላት፣ «ዘንድሮ ታልፊያለሽ» የሚላትም እሱ ነው። ጋሼ ሽብሩ ምስሉን ብዙ አዩት። አሣሣሏን የሚያጠኑ መሰላት።

ሊነሱ ሲሉ «አንድ ሥራ አለ» አሏት። «የለቅሶ ባነር ነው፣ ሦስት በሁለት። ስሙና ፎቶው በኋላ ይመጣል፤ ቦታ ትተሽ ሥሪው። እንደሌላው አይሁን፣ በደንብ ተጨነቂበት።»

«ለዛሬ ነው?»

«አይ፣ ለቅዳሜ ይደርሳል።»

የለቅሶ ሥራ ሁልጊዜ «አሁኑኑ» ነበር። ሰብሌ ግን አልጠየቀችም፤ መጠየቅ ከተወች ቆይታለች።

ሻማ አላደረገችበትም፣ እርግብም ደመናም አላደረገችበትም። ሊነጋ ሲል የሚታየውን ሰማይ አደረገች፣ ከታች ደግሞ የእንሰት ቅጠል ጫፍ ብቻ። መሃሉን ባዶ ተወችው። ማክሰኞ ከሰዓት ጨርሳ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አየችው። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የተሻለ ነበር። ደስ አላት፤ ደስ ካላት ደግሞ ከርሟል። አሥራ ሁለተኛውን ሥራ አገኘች።

ለቲቶም ላከችለት። አልደረሰውም። ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ ስልኩ ሁልጊዜ ዝግ ነው።

የጋሼ ሽብሩ ነገር ግን አላማራትም። መጥቶ የነበረውን የሠርግ ሥራ «አንቺ በራስሽ ሥራ ላይ ቆዪ» ብለው ለሌላ ቤት ሰጡት። መብራት ሲጠፋ ለእሷ ኮምፒውተር ብቻ ጄኔሬተር አስነሡ። ጎረቤት ሻይ የምትሸጠው ሃቢባ እንኳ ሻይ አምጥታላት ቶሎ አልሄደችም።

«በልተሻል ወይ?»

«በልቻለሁ።»

«በይ ቶሎ ጨርሺው፣ እቴ» አለቻትና እጇን ያዝ አድርጋ ሄደች። ስለ ማመልከቻው ማን እንደነገራት ሰብሌ አላወቀችም።

ረቡዕ ከምሳ ስትመለስ ጋሼ ሽብሩን በእሷ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፍላሻቸውን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ጓሮ ወጡ። መጨረሻ የተከፈተው ፋይል ለማመልከቻው ሥራዎቿን ያሰባሰበችበት ፖርትፎሊዮዋ ነበር። ከጓሮ ድምፃቸው ይሰማል፤ በስልክ ነው የሚያወሩት።

«ስማኝ ተገኘ፣ የምትልከው አርብ ነው። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። አንተ ሐሙስ ግባ።»

ሁሉም ነገር ገባት። ቁጣ እስኪመጣላት ጠበቀች። አልመጣም።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ሳትገባ ኢንተርኔት ካፌ ሄዳ አሥራ ሁለቱንም ላከች። ከዚያ ፊታቸውን ለማየት ስትል ብቻ ማተሚያ ቤት ገባች።

«ጋሼ ሽብሩ፣ ማመልከቻዬን ልኬዋለሁ።»

«አርብ አላልሽም?»

«ቀደምኩ።»

ፊታቸው ተለወጠ፤ እንደጠበቀችው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ።

«ደርሷቸዋል? እርግጠኛ ነሽ?»

«ደርሷቸዋል። ከዚህ በኋላ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም።»

«እንግዲያው ወደ ቤት ሂጂ። ከእናትሽ ጋር ዋይ።»

ከሥራ ያባረሯት መሰላት። ግድ አልሰጣትም። ስትወጣ ስልካቸውን ሲያነሡ አየቻቸው። «ልካለች» ሲሉ ሰማች። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

አርብ ሲነጋጋ የሰው ድምፅ ሰምታ ከቤት ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ ደጅ ላይ ቆመዋል። ጋሼ ሽብሩ መሰላል ደግፈዋል። መሰላሉ ላይ ተገኘ አለ፤ ጥቅል ባነር ከአጥሩ ጋር ያስራል። በጥቅሉ ጫፍ በኩል የእንሰት ቅጠሎቿን አየች። ሥራዬን ሰርቀውኛል አለች በልቧ።

ጋሼ ሽብሩ ሲያዩዋት ደነገጡ። «ቆይ፣ አትልቀቀው» አሉት ተገኘን።

እናቷ ከኋላዋ «ማነው እሱ በጠዋት?» እያለች መጣች። ገመዱ ከተገኘ እጅ አመለጠና ባነሩ እስከ ታች ተዘረጋ።

ባዶ በተወችው ቦታ ላይ ቲቶ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል።