ከዝርዝሩ የቀረ ስም

ሴትዮዋ ሰላም ሳትል አናጺውን በጥፊ አጮለችው። ፍርድ ቤቱ መክሰሩን አውጆ ከዕዳው ነጻ እንዳደረገው የሰማችው ዛሬ ጠዋት ነው። ይህን የእንጨት ሥራ ቤት ሲከፍት ያበደረችው የእናቷን ወርቅ ሸጣ ነበር።

«ለፍርድ ቤት ያስገባኸውን የአበዳሪዎችህን ዝርዝር አስነበብኩት እኮ!» አለችው። «ሚስማር በዱቤ የሰጠህ ሁሉ ተጽፏል። ንብረትህ ሲሸጥ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ደረሰው። የእኔን ስም የት ቀበርከው?»

«እትዬ፣ ይረጋጉና ልንገርዎ...»

«አፍህን ዝጋ! አልቅሼ የምመለስ መስሎህ ነው?»

መዶሻ አንስታ ሳይሸጥ የተረፈውን መስታወት አደቀቀችው። ሊይዛት ቀኝ እጁን ሲዘረጋ ጠረጴዛው ላይ አጣብቃ መታችው፤ ደገመችው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማች፤ ደስ አላት።

አናጺው በጉልበቱ ወድቆ እጁን ጉያው ውስጥ ወሸቀ። ሸሚዙ በደም ራሰ።

«ዳኛው የሰረዘው ዝርዝሩ ላይ ያለውን ነው» አለ እያቃሰተ። «የእነሱ ዕዳ በደረሳቸው ትንሽ ገንዘብ ተዘጋ፤ ከእንግዲህ መጥተው ሊጠይቁኝ አይችሉም። ያልተጻፈ ዕዳ ግን አይሰረዝም። ጠበቃዬ የእርስዎንም አስገባ ብሎ ሲጮህብኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ መዶሻውን እንደያዘች ቀረች።

«ለምን?»

«ሠርቼ የእርስዎን ሙሉውን ልከፍል ነበር፣ እትዬ።»