ባዶው ወንበር ፊት

አርዱይኖ ለጀማሪ ቀላል ነው ያለኝን ሰው ዛሬ ባገኘው ጥሩ ነበር። መዳፍ የማትሞላ፣ በኮድ የምትታዘዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ሰው ፊቷ ሲቆም ትንሿን አምፖል ማብራት፣ ሲሄድ ማጥፋት ነበረባት። የኔዋ ግን ከምሳ ጀምሮ ባዶ ወንበር ፊት እንደበራች ቀረች። ሽቦ ቀየርኩ። ዓይኗ የሆነውን ሴንሰር ቀየርኩ። ኮዱን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። ወደ ግድግዳው ሳዞራት ትጠፋለች፤ ወደ ወንበሩ ስመልሳት ትበራለች። በመጨረሻ ወንበሩን አንስቼ ውጭ አወጣሁት። አሁንም እንደበራች ናት።

እናቴ ፈድሊያ ከሰርቦ ገበያ ተመልሳ ገባች። እንደ ልማዷ በሩ ላይ "አሰላሙ አለይኩም" አለች።

"ከኔ በቀር ማንም የለም እኮ፣ እማዬ" አልኳት ተነጫንጬ።

"ባዶ ቤትም ሰላምታ ይገባዋል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። አንተ ስትገባ ብለሃል?"

አላልኩም። እሷ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ጓዳ አለፈች። እኔም ንዴቴ ቢብስብኝ ወደ ባዶው ቦታ ዞሬ፣ "እሺ፣ አሰላሙ አለይኩም። አሁን ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ" አልኩ።

አምፖሏ ጠፋች።

ሰሌዳዋን ቀስ ብዬ አጠገቤ ወዳለው ባዶ ቦታ አዞርኳት።

በራች።